ከዊንዶውስ 7 ወደ ዊንዶውስ 10፦ የአንድ የዩኤስቢ ሞደም የረጅም ጊዜ ግምገማ

ይህ ግምገማ ስለ አንድ የሦስተኛ ትውልድ የዩኤስቢ ሞደም ነው፤ ሲም ካርድ ሆዱ ውስጥ የሚገባ፣ ከፍላሽ ትንሽ ወፈር የሚል፣ ብዙዎቻችን ዶንግል የምንለው ዕቃ። አምራቹን በስም አልጠራም፤ በዚያን ጊዜ የተሠሩት አብዛኞቹ ሞደሞች አሠራራቸው ተቀራራቢ በመሆኑ እዚህ የምጽፈው ችግር የአንድ አምራች ብቻ አይደለም። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ የማውረድ ፍጥነት በሰከንድ 7.2 ሜጋቢት ነው። በዊንዶውስ 7 ላይ ለዓመታት አገልግሎኛል፤ ላፕቶፑን ወደ ዊንዶውስ 10 ካሻሻልሁት ወዲህም ከዓመት በላይ ተጠቅሜበታለሁ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ሲሆን፣ በቤቴ የመስመር ኢንተርኔት ስለሌለ የምተረጉማቸውን ሰነዶች የምቀበለውም የምልከውም በዚሁ ሞደም ነው።

ማሻሻያው የግድ ነበር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን ስርዓቱ ሥራውን ስላላቆመ ብዙ ሰው እንደኔ በእርሱ ቀጥሎ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ክሮም የተባለው የኢንተርኔት አሳሽ ከ109ኛው ዕትሙ በኋላ በዊንዶውስ 7 ላይ መታደሱን ሲያቆም፣ የምሠራባቸው ድረ ገጾች አንዳንዶቹ አሳሹ አርጅቷል እያሉ ማስጠንቀቅ ጀመሩ። የላፕቶፑ ፕሮሰሰር ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው መካከል ስላልሆነ የቀረኝ ምርጫ ዊንዶውስ 10 ብቻ ነበር።

ከማሻሻያው በኋላ ፋይሎቹ በቦታቸው ነበሩ፤ ማተሚያው ሠራ፤ የአማርኛ መጻፊያውም አልተናጋም። ሞደሙ ግን ተሰክቶ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ፣ ከእርሱ ጋር የመጣው የማገናኛ ፕሮግራም «መሣሪያው አልተገኘም» ይላል። መብራቱ እንደ ቀድሞው ወደ ሰማያዊ መቀየሩ ሲሙ ተነብቦ ሞደሙ የሦስተኛውን ትውልድ ኔትወርክ ማግኘቱን ያሳያል። ስለዚህ ዕቃው በሕይወት አለ፤ የተቋረጠው በዕቃውና በኮምፒውተሩ መካከል ያለው መግባባት ነው። ይህን መለየት አስፈላጊ ነው፤ በየኮምፒውተር ቤቱ በመጀመሪያ የሚሰጠው ብይን ሞደሙ ተቃጥሏል ወይም ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረግ የሚል ነውና። ፎርማት ማድረግ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጠቅመው ነገር የለም፤ አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ 10ም ያንኑ አሮጌ ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ዕቃውን እንዲያውቅና እንዲያዝዘው የሚያደርገውን ፕሮግራም፣ ይዞ ከቀረቡት ያው ነው።

የችግሩን ምንጭ ለመረዳት የነዚህን ሞደሞች ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ሞደሙ ሲሰካ ራሱን በመጀመሪያ የሚያስተዋውቀው በሲዲ ማጫወቻ መልክ ነው፤ በዚህ የውሸት ሲዲ ውስጥ የማገናኛ ፕሮግራሙና ድራይቨሩ ተቀምጠዋል። አሳቡ ብልህ ነበር፤ ገዢው የተለየ የመጫኛ ሲዲ ሳያስፈልገው ሞደሙን እንደ ሰካ ፕሮግራሙን ይጭናል። ከተጫነ በኋላ ድራይቨሩ ወደ ሞደሙ አንድ ትዕዛዝ ይልክና ሞደሙ የሲዲነቱን መልክ ትቶ እውነተኛ ሞደም ይሆናል፤ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ በርካታ የኮም ፖርቶች፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከሞደሙ ጋር የሚነጋገርባቸው መስመሮች፣ ይከፈታሉ፤ በአንዱ ዳታ ይተላለፋል፣ በሌላው ፕሮግራሙ የሲግናሉን መጠን፣ አጭር መልእክቱንና የሂሳቡን ጥያቄ ያስተናግዳል። ይህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ ሁሉም ይቆማል። በኔ ላፕቶፕ ላይ የተበጠሰው የመጀመሪያው ነበር፦ የመልክ ለውጡን የሚያዝዘው ድራይቨር ስላልተነሣ ሞደሙ ሲዲ ሆኖ ቀረ።

በኮምፒውተሩ ላይ ያሉትን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን የዊንዶውስ መስኮት፣ ዲቫይስ ማናጀርን፣ ከፍቶ ማየት ከግምት ያድናል። ቢጫው የቃለ አጋኖ ምልክት ካለበት ዕቃ ላይ ሁለት ጊዜ ሲጫኑ አንድ የስህተት ቁጥር ይገኛል። 28 ከሆነ ድራይቨር ጨርሶ አልተጫነም፤ 10 ከሆነ ዕቃው ሊነሣ አልቻለም፤ 52 ከሆነ ዊንዶውስ የድራይቨሩን ዲጂታል ፊርማ ማረጋገጥ አልቻለም። ይህ የመጨረሻው ብዙ የቆዩ ሞደሞችን የጣለ ምክንያት ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ በስርዓቱ እምብርት ውስጥ የሚገባ ድራይቨር ፊርማ እንዲኖረው ያስገድዳል፤ ከዚህም ሌላ ለ32 ቢት የተጻፈ ድራይቨር በ64 ቢት ስርዓት ላይ ከቶ አይነሣም። በፊት ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ላይ ይሠራ የነበረ ሞደም፣ ባለቤቱ ማኅደረ ትውስታውን አሳድጎ ወደ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ሲሻገር በአንድ ጊዜ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ችግር ዝነኛ ነው፦ አዲሱ ድራይቨር ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ኢንተርኔቱ ያለው ደግሞ ሞደሙ ውስጥ። አብዛኛው ሰው ከኮምፒውተር ቤት በፍላሽ ያስገለብጣል፤ ይህ ጥሩ መንገድ ቢሆንም ፍላሹ ቫይረስ ይዞ የመምጣት ልማዱን አልተወም። እኔ የተጠቀምሁት የአንድሮይድ ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ኢንተርኔት ማጋራትን ነው። ስልኩ ምንም ፕሮግራም ሳይጫንለት ወዲያው ሠራ፤ ምክንያቱም ለኮምፒውተሩ የሚታየው እንደ ኔትወርክ ካርድ ነው፣ ለእንዲህ ያለው ካርድ የሚሆነው ድራይቨር ደግሞ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል። የራሱን ድራይቨር የሚሻ ዕቃ ዕድሜው በአምራቹ ትጋት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ስርዓተ ክወናው አስቀድሞ በሚያውቀው ቋንቋ የሚናገር ዕቃ ግን አምራቹ ቢረሳውም ይኖራል።

አምራቹ ለኔ ሞዴል የዊንዶውስ 10 ድራይቨር አላወጣም። ሆኖም ለኋለኞቹ ሞዴሎቹ ያወጣው ባለ 64 ቢት የድራይቨር ጥቅል የኔንም ሞደም ያውቀዋል። ከመጫኔ በፊት የድሮውን ፕሮግራም አራገፍሁ፤ በዲቫይስ ማናጀርም የተደበቁ ዕቃዎችን አሳይ የሚለውን መርጬ፣ በየጊዜው ሞደሙ በተለያየ ቀዳዳ ሲሰካ የተፈጠሩትንና እንደ ሙት መንፈስ የቀሩትን የኮም ፖርቶች አጠፋሁ። ከዚያ አዲሱ ጥቅል ተጫነ፤ ሞደሙ ተሰካ፤ ፖርቶቹም ተከፈቱ። የድሮው የማገናኛ ፕሮግራም እንደገና ሲጫን ግን አሁንም ሞደሙን አላየውም፤ ስለዚህ እርሱን እስከ ወዲያኛው ተሰናበትሁ።

ፕሮግራሙ ከሌለ እንዴት ይገናኛል የሚለው ብዙዎችን ያስጨንቃል፤ ነገር ግን ዊንዶውስ ከጥንት ጀምሮ የራሱ የመደወያ ማገናኛ አለው። አዲስ የዳያል አፕ ግንኙነት ይፈጠራል፤ በስልክ ቁጥሩ ቦታ *99# ይጻፋል፤ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ባዶ ይተዋሉ። የመዳረሻ ነጥቡ ስም፣ ማለትም ኤፒኤን የምንለው፣ በዚህ መስኮት ውስጥ የሚጻፍበት ቦታ የለውም፤ የሚገባው በዲቫይስ ማናጀር የሞደሙን ባሕርያት ከፍቶ፣ የላቁ ምርጫዎች በሚለው ገጽ ውስጥ ተጨማሪ የማስጀመሪያ ትዕዛዞች በሚጻፉበት ሳጥን ነው። ትዕዛዙ ሞደሙ ራሱ በሚያውቀው በኤቲ ትዕዛዞች ቋንቋ የሚጻፍ አንድ መስመር ሲሆን፣ የኤፒኤኑን ስም በጥቅስ ምልክት ውስጥ ይይዛል። ሲሙ የፒን ቁጥር ከተቆለፈበት አስቀድሞ ስልክ ውስጥ አስገብቶ ቁልፉን ማንሣት ያስፈልጋል፤ የዊንዶውስ መደወያ ፒን አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ ይከሽፋል። ስህተት 633 ከመጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአምራቹ ፕሮግራም ሳይታይ ከበስተኋላ ተነሥቶ ፖርቱን ይዞታል ማለት ነው።

እንዲህ ከተዋቀረ በኋላ ያለው የዕለት ተዕለት አገልግሎት ከጠበቅሁት በላይ ነው። ፍጥነቱ ከዊንዶውስ 7 ዘመኑ የተለየ ሆኖ አላገኘሁትም፤ ሊለይም አይገባውም፣ ሬዲዮው ያው ነውና። ግንኙነቱ ማለዳና ሌሊት ጥሩ ነው፤ አመሻሽ ላይ ይቀንሳል። የአምራቹ ፕሮግራም በየመነሻው የሚበላውን ጊዜ ማትረፌም እንደ ትርፍ የሚቆጠር ነው፤ ከመስካት እስከ መገናኘት ያለው ጊዜ በግልጽ አጥሯል።

ያጣሁት ግን ቀላል አይደለም። የሲግናሉን መጠን የሚያሳየው መስኮት ስለሌለ የምተማመነው በሞደሙ መብራት ብቻ ነው፦ በኔ ሞደም ሰማያዊው 3ጂ፣ አረንጓዴው 2ጂ ነው። ወደ ሲሙ የሚመጣ አጭር መልእክት አይነበብም። ከሁሉም የሚጎዳው ግን ቀሪ ሂሳብን በ*804# መጠየቅ አለመቻሉ ነው። ጥቅሉን የምገዛው ከስልኬ በቴሌብር ለሞደሙ ቁጥር ነው፤ ይህ መልካም መፍትሔ ሆኖ ሳለ፣ ጥቅሉ ሊያልቅ መቃረቡን የሚያስታውቀው መልእክት የሚደርሰው ማንም ወደማያየው ሲም ነው። ስለዚህ ጥቅሉ ፋይል በመላክ መካከል ያልቃል።

የጥቅሉን ማለቅ ያፋጠነው ሌላው ጉዳይ ከሞደሙ ይልቅ የስርዓተ ክወናው ነው፤ ሆኖም ወደ ዊንዶውስ 10 የሚሻገር የሞደም ተጠቃሚ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ዊንዶውስ 7 ማሻሻያዎችን ሳያወርድ በፊት እንዲጠይቅ ማድረግ ቀላል ነበር። ዊንዶውስ 10 በራሱ ፈቃድ ያወርዳል፤ ትልልቆቹ ማሻሻያዎች ደግሞ በጊጋባይት የሚቆጠሩ ናቸው። ስርዓቱ የሞባይል ዳታ መሆኑን ካወቀ ግንኙነቱን በልክ የሚከፈልበት አድርጎ ይቆጥርና ራሱን ይገታል፤ በዳያል አፕ የሚመጣውን ግን እንዲህ አድርጎ ሲቆጥረው አላየሁም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ የወር ጥቅል ምንም ጉልህ ነገር ሳላወርድበት ያለቀው በዚህ ምክንያት ነበር። አሁን ማሻሻያዎችን እስከ 35 ቀን ማቆም በሚያስችለው ምርጫ አቆማቸዋለሁ፤ ቀኑ ሲደርስ ላፕቶፑን ዋይፋይ ወዳለበት ቤት ወስጄ እንዲያወርድ አደርጋለሁ። ፋይሎችን በኢንተርኔት ላይ ወዳለ ማከማቻ የሚልከውን የዋንድራይቭ ማመሳሰልንም ዘግቼዋለሁ።

አንድ እስካሁን ሙሉ በሙሉ ያልተወገደ ጉድለት አለ። ላፕቶፑ አንቀላፍቶ ሲነቃ ሞደሙ አንዳንዴ አይመለስም፤ ተነቅሎ እንደገና መሰካት አለበት። በኃይል አጠቃቀም ምርጫዎች ውስጥ የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ለቁጠባ ሲባል እንዲዘጉ የሚፈቅደውን ማጥፋት ችግሩን አሳንሶታል። ፈጣን መነሻ የሚባለውንም አጥፍቼዋለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ምርጫ በርቶ ሳለ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ የስርዓቱ እምብርትና ድራይቨሮቹ ያሉበት ሁኔታ ተቀምጦ ይቆይና በሚቀጥለው መነሻ እንዳለ ይመለሳል፤ የተበላሸ ድራይቨር እንደተበላሸ ይቀጥላል። በተጨማሪም ሞደሙ ሲግናል በደከመበት ቦታ ብዙ ኃይል ስለሚስብ፣ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ ከሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ላይ ረጅምና ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ከተጨመረበት ግንኙነቱ ይቆራረጣል። ማራዘሚያ ለመስኮት ለመድረስ ይጠቅማል፤ አጭርና ወፍራም መሆን አለበት።

ለንጽጽር የጎረቤቴን የአራተኛ ትውልድ ሞደም ለጥቂት ቀናት ተውሼ ሞክሬዋለሁ። ይህኛው እንደ ኔትወርክ ካርድ የሚታይ ዓይነት ነው፤ ድራይቨር አልጠየቀም፣ ማስተካከያው ሁሉ በአሳሽ 192.168.8.1 ብሎ በሚከፈት ገጽ ውስጥ ነው፤ መልእክትና የሂሳብ ጥያቄም እዚያው ይሠራሉ። በዊንዶውስ ማሻሻያ ምክንያት የሚሰናከልበት መንገድ በጣም ጠባብ ነው። ጉዳቱ ዊንዶውስ የገመድ ኢንተርኔት ስለሚመስለው ያለ ስስት ማውረዱ ነው፤ ደግነቱ እ.ኤ.አ. ከ2017ቱ የ1703 ዕትም ጀምሮ የገመድ ግንኙነትንም በልክ የሚከፈልበት ብሎ መሰየም ይቻላል።

እንግዲህ ይህን ዓይነት የቆየ ሞደም ያለው ሰው መጣል አያስፈልገውም፤ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ግን፣ ያገለገለው በርካሽ ቢቀርብለትም፣ አልመክርም። ሻጩ ፊት በራስ ላፕቶፕ ሰክቶ፣ ሳይጫን የሚሠራ መሆኑን አይቶ መክፈል ከሁሉ የተሻለ ነው። በሻጩ ኮምፒውተር ላይ መሥራቱ ምንም አያረጋግጥም፤ ድራይቨሩ እዚያ አስቀድሞ ተጭኖ ሊሆን ይችላል።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። በዚህ ምክንያት በቅርቡ ኡቡንቱ ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ስርዓተ ክወና በፍላሽ አስነሥቼ ሞደሙን ሰካሁት። ሞደሙን ከሲዲነት የሚያላቅቀው ዩኤስቢ ሞድ ስዊች የተባለው ፕሮግራም ከስርዓቱ ጋር አብሮ ስላለ ምንም አልጫንሁም፤ ኤፒኤኑን ጽፌ ተገናኘሁ። ሞደም ማናጀር ጂዩአይ የተባለ ነጻ ፕሮግራም ሲጨመርበት የሲግናሉ መጠን ታየ፤ ለወራት ሳይነበቡ ሲሙ ላይ የተከማቹት መልእክቶችም ተከፈቱ። የሚቀረኝ የምተረጉምበት ሶፍትዌር በሊኑክስ ላይ መሥራት አለመሥራቱን ማየት ነው፤ እስከዚያ ሁለቱንም ስርዓቶች በአንድ ላፕቶፕ ላይ አቆያለሁ።