በጅማ የቤት ለቤት ኅብረት መግባት ያዋጣል?

የቤት ለቤት ኅብረት ምእመናን በየሳምንቱ በተራ በአንዱ ቤት ተሰብስበው የሚዘምሩበት፣ መጽሐፍ ቅዱስን የሚያጠኑበትና የሚጸልዩበት ቡድን ነው። ያዋጣል፣ ቡድኑ ትንሽ ሆኖ ከቆየ። ስለዚህ ለመግባት የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሰዉን ብዛት ይጠይቅ። ከ8 እስከ 12 ሰው ጥሩ ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩሉ ምሽት ለቃሉ ጥናት የሚተርፈው ጊዜ 35 ደቂቃ ያህል ነው፤ ለ10 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ተኩል ይደርሰዋል። 20 ከሆኑ ግን ሁለት ደቂቃም አይሞላ፤ ሦስት ሰው ያወራና ሌላው «አሜን» እያለ ያመሻል። ለዚያማ የእሑዱ ጉባኤ አለ።

የሚሠራው አከፋፈል ይህ ነው፦ ከ11:30 እስከ ምሽቱ 1:00፣ ለመዝሙር 10፣ የሳምንቱን ውሎ ለመጠያየቅ 20፣ ለቃሉ 35፣ ለጸሎት 25 ደቂቃ። ሰዓቱን የሚበላው ቡናው ነው። ጅማ ላይ ቡናን መከልከል ከንቱ ድካም ነው፤ ግን ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ በረካ እስኪደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ቁላቱ ሰው ሳይመጣ አልቆ አቦሉ በመጠያየቂያው ላይ ከቀረበ ምንም አይጎድልም። ከጸሎት በኋላ መቁላት ከተጀመረ ግን ምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል፣ ልጆች ያሏት እናት በሚቀጥለው ሳምንት አትመጣም። የቡና ቁርሱም ፉክክር ያስከትላል። አንዱ ቤት ቆሎ፣ ቀጣዩ ድፎ ዳቦ፣ ሦስተኛው ዶሮ ወጥ ካቀረበ አራተኛው ተራው ሲደርስ «ቤት አልተመቸም» ይላል። ቡናና ቆሎ ብቻ ብሎ ከመጀመሪያው ቀን መቁረጥ ነው።

ለጥናቱ ከ10 እስከ 15 ቁጥር ያለው አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ይበቃል፤ ጥያቄዎቹም ሦስት ናቸው። ምን ይላል? ምን ማለት ነው? በዚህ ሳምንት ምን ላድርግ? ሰውን የሚያሳድገው ሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ ሰዓት ሲያጥር መጀመሪያ የሚዘለለውም እሱው። መልሱ «የበለጠ እጸልያለሁ» ከሆነ ማንም ሊከታተለው አይችልም። «ለተጣላሁት ወንድሜ ሐሙስ እደውላለሁ» ያለ ሰው ግን በሚቀጥለው ሳምንት «ደወልክ ወይ?» ይባላል።

ትልቁ ድክመት መሪው ላይ ነው። ጠይቆ ዝምታውን 10 ሰኮንድ መታገስ ያቅተውና ራሱ ይመልሳል፣ ከዚያ ስብከት ይሆናል። በመጀመሪያው ምሽት መሪው ከቃሉ 35 ደቂቃ 25ቱን ከወሰደ ሌላ ቡድን ይፈለግ።

ምስጢርም አለ። ያዕቆብ 5፥16 እርስ በርስ ስለ መናዘዝና አንዱ ስለ ሌላው ስለ መጸለይ ይናገራል፤ የተናዘዘው ግን በማግስቱ በቴሌግራም «ጸልዩለት» ተብሎ ከተላለፈ ያ ሰው ዳግመኛ አፉን አይከፍትም። ከባዱ ጉዳይ ሁለት ሦስት ሆኖ፣ ወንድ ከወንድ ሴት ከሴት ሲጸለይ ቢነገር ይሻላል። ብድርም ባይኖር ጥሩ ነው፦ ያልተመለሰ ገንዘብ አበዳሪውንም ተበዳሪውንም ያስቀራል።

የከተማውም ጠባይ ይታሰብ። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ ቆጪ ሰፈር ያለ ሰው በጭቃው ማታ ማታ ሂርማታ ሰፈር መመላለሱ ይሰለቸዋል፣ ባጃጁም ወጪ ነው። በእግር ከ15 ደቂቃ የማይርቅ ይመረጥ። አፋን ኦሮሞ የሚቀናቸው አባላት ካሉ ክፍሉ በሁለቱም ቋንቋ ይነበብ፣ ጸሎቱን ደግሞ እያንዳንዱ በቀናው ቋንቋ ያድርስ። ተማሪ ብቻ ያለበት ቡድን ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ይበተናል፤ ነዋሪ የተቀላቀለበት ይቆያል።

መሠረተ ክርስቶስ የተባለችው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ከተዘጋች በኋላ በየቤቱ በትናንሽ ቡድኖች ቆይታ በብዙ እጥፍ አድጋ ወጥታለች። ያኔ ቡድኑ እንዳይበዛ የሚያስገድደው ፍርሃት ነበር። ዛሬ የሚያስገድድ ስለሌለ ሳሎኑ እስኪጨናነቅ ዝም ይባላል። 14 ሰው ሲደርስ መከፈል አለበት፣ ለዚያም ረዳት መሪው ቢያንስ ለስድስት ወር በወር አንድ ምሽት እየመራ መልመድ ይኖርበታል። ባልለመደ ሰው የተከፈለ ቡድን ብዙ አይቆይም፣ አባላቱ አንድ ሁለት እያሉ ወደ ድሮው ቤት ይመለሳሉ።