ባቡር ወይስ አውቶቡስ? የአዲስ አበባ ገንዘብ የት ይዋል

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ወደ 475 ሚሊዮን ዶላር ፈሶበት ነበር። 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። በዚህ ገንዘብ አውቶቡስ ቢገዛ አይሻልም ነበር?

ባቡሩን ማጣጣል ይከብደኛል። የራሱ ሐዲድ ስላለው መገናኛ ላይ መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ ሲቆም እሱ ያልፋል፤ ታሪፉም ሲጀምር ከ2 እስከ 6 ብር ነበር፣ ከአያት ጦር ኃይሎች ለሚመላለስ ሠራተኛ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። መለዋወጫው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ በዶላር። የሚሠሩት ሲያንሱ ሰዉ እነሱው ላይ ይጫናል፣ በሩ ሲከፈት እግር ማስገቢያ ይጠፋል። የሐዲዱ አጥርም አለ፦ ፊት ለፊት የሚታይ ሱቅ ለመድረስ አሮጊት እናቶች ማቋረጫ ፍለጋ ስንት ይዞራሉ!

አውቶቡስ ሲበላሽ ሌላው ይቀጥላል። አዲስ ኮንዶሚኒየም ሲገባበት መስመሩን መቀየር ይቻላል፣ ሐዲድ ግን አይነቀልም። ነዳጁና መለዋወጫው ግን የእሱም በዶላር ነው። የራሱ መስመር ካልተሰጠው ደግሞ ከሚኒባሱ ጋር እኩል ይቆማል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የባቡሩ ብድር ባቡሩ ቢሄድም ቢቆምም ይከፈላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የቆሙት ይጠገኑ። አዲስ ገንዘብ ከተገኘ ግን ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መንገድ ይሠራበት።