አውሮራ ኤ፣ ሲዲኬ1 ወይስ ፒኤልኬ1? ሐዋሳ ላይ ሆኖ የሕዋስ ክፍፍል ኢንዛይም መግዛት

ሦስቱም ካይኔዝ የሚባሉ፣ ሕዋስ ሲከፈል የሚሠሩ ኢንዛይሞች ናቸው፤ ከኤቲፒ ፎስፌት ወስደው ሌላ ፕሮቲን ላይ ይለጥፋሉ፣ ኤቲፒውም ኤዲፒ ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያዋን ቲዩብ የገዛሁት ዋጋ አይቼ ነው። ሌላ ምንም አላየሁም። 50 ማይክሮግራም፣ ከሁሉም ርካሽ፣ መለያዋ ላይ ደግሞ «የሰው አውሮራ ኤ» ይላል፤ ምን ጎደለኝ? ሐዋሳ ደረሰች። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ኤቲፒውን ብቀያይር፣ በፈሩን ደግሜ ብሠራ፣ ተማሪዬን ብቆጣ የማሽኑ ንባብ ኢንዛይም ከሌለበት የሙከራ ሳህን ጉድጓድ ፈቀቅ አላለም። በኋላ ወረቀቱን ረጋ ብዬ ሳነበው ለካ ለዌስተርን ብሎት (ፕሮቲን መኖሩን ብቻ ለሚያሳይ ምርመራ) ማነጻጸሪያ የተሠራ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ አለ፣ ሥራ ግን አይሠራም። ጥፋቱ የኔ ነበር። ተማሪዬንም ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ስለዚህ ከኢንዛይሙ ስም በፊት «አክቲቭ» የሚለውን ቃል ፈልጉ። ቃሉ ብቻውንም አይበቃም። እናንተ ለምትገዙት ባች (የምርት ዙር) የተለካ አክቲቪቲ በቁጥር ይስጧችሁ። ቁጥሩን ሲጠየቅ የሚያድበሰብስ ሻጭ ካለ እለፉት።

አሁን ወደ ምርጫው። ለጀማሪ ላብ እኔ የምመርጠው አውሮራ ኤን ነው። ብቻውን ይሠራልና። 403 አሚኖ አሲድ፣ 46 ኪሎዳልተን ገደማ። የሚነቃው 288ኛዋ አሚኖ አሲድ፣ ትሪዮኒን ላይ ፎስፌት ሲለጠፍ ነው፤ ይኼን ራሱ በራሱ ስለሚያደርገው በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ የተመረተው የካይኔዝ ክፍሉም ይሠራል። ቲፒኤክስ2 የሚባለው ፕሮቲን ቢጨመርበት ይፈጥናል እንጂ ግዴታ አይደለም። ሰብስትሬቱም፣ ማለትም ፎስፌቱን የሚቀበለው፣ ቀላል ነው፤ ሰባት አሚኖ አሲድ ያላት ኬምፕታይድ ትበቃዋለች። ዘመዱ አውሮራ ቢ ግን ብቻውን ደካማ ነው፣ ከአጋር ፕሮቲኑ ከኢንሴንፕ ጋር ተጣምሮ ካልመጣ ገንዘባችሁን አታውጡበት።

ሲዲኬ1 ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ሳይክሊን ቢ የሚባለው አጋር ፕሮቲን ከሌለ ሬሳ ነው። ሳይክሊኑ ቢኖርም 161ኛዋ ትሪዮኒን ላይ ፎስፌት መኖር፣ 14ኛውና 15ኛው ቦታ ላይ ደግሞ አለመኖር አለበት። ይኼን ሁሉ ጣጣ ኢ. ኮላይ አይችለውም። ስለዚህ የሚገዛው ሁለቱ አንድ ላይ በኤስኤፍ9 ሕዋስ፣ ባኩሎቫይረስ በሚባል የነፍሳት ቫይረስ አማካይነት የተመረቱት ነው። ኤስኤፍ9 ማለት፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ በቆሎአችንን የሚጨርሰው የመጤ ተምች ሕዋስ ነው፤ ገበሬው የሚረግመውን እኛ በዶላር እንገዛለን። ሰብስትሬቱ ሂስቶን ኤች1 የሚባለው ፕሮቲን ነው። ሥራችሁ ሕዋስ ወደ ክፍፍል እንዴት እንደሚገባ ከሆነ ሌላ አማራጭ የለም፣ ይኼንኑ ግዙ። ከሦስቱ የሕዋስ ዑደት ኖቤል ተሸላሚዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ማለት ነው፣ ፖል ነርስ የተሸለመው በሲዲኬ፣ ቲም ሃንት በሳይክሊን ግኝቱ ነው።

ፒኤልኬ1 ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። 603 አሚኖ አሲድ ሲሆን ካይኔዙ ፊት ላይ፣ ፖሎ ቦክሱ፣ ሌላውን ፕሮቲን የሚይዝበት ክፍል፣ ጭራው ላይ ነው። አንዳንዱ ሻጭ ካይኔዙን ብቻ ቆርጦ ይሸጣል። ፖሎ ቦክሱን የሚዘጋ ነገር እየፈለጋችሁ ከሆነ የተቆረጠውን መግዛት በሩን ትቶ ቁልፉን መግዛት ነው።

ዋጋን በማይክሮግራም አታስሉ፣ በአንድ ሙከራ አስሉ። ለምሳሌ 10 ማይክሮግራም የያዘችው ቲዩብ በአንድ ጉድጓድ 20 ናኖግራም ከበቃት 500 ሙከራ ትሰጣለች። ባለ 50ው ደከም ብሎ በአንድ ጉድጓድ 200 ናኖግራም ከፈለገ የሚሰጠው 250 ነው። ትልቁ ቲዩብ በግማሽ አነሰ ማለት ነው።

የማንበቢያ ማሽናችሁንም እዩ። የሚፈጠረውን ኤዲፒ በብርሃን የሚለካው ኪት ሉሚኔሰንስ የሚያነብ ማሽን ይፈልጋል፤ ብዙ ላብ ያለው ደግሞ ቀለም ብቻ የሚያነበው የኤላይዛ ማሽን ነው። በጨረር ፎስፈረስ 32 እሠራለሁ የሚል ካለ ግማሹ በ14 ቀን ገደማ እንደሚያልቅ ይወቅ፤ ጉምሩክ አሥር ቀን ከያዘው ቀሪውን እናንተው አስሉት።

እዚህ አገር ብዙዎቻችን ኢንዛይሙን ይገታ እንደሆነ የምንሞክረው የመድኃኒት ዕፅዋት ጭማቂ ነው። ጭማቂው ውስጥ ያለው ታኒን ኢንዛይሙን እንዲሁ ጠቅልሎ ይይዝና «አገኘሁ!» ያሰኛችኋል። 0.01 በመቶ ትራይተን ኤክስ-100 (ሳሙና መሳይ ነው) ጨምሩበት። መግታቱ ድራሹ ከጠፋ ደስታችሁን ያዝ አድርጉት። ጭማቂው ኪቱ ውስጥ ብርሃኑን የሚሰጠውን ሉሲፈሬዝ ራሱን እየገታ እንደሆነም ኢንዛይም በሌለበት፣ ኤዲፒ ብቻ ባለበት ጉድጓድ ፈትሹ።

ትልቁ ጣጣ ግን ቅዝቃዜው ነው። አንዴ ቦሌ ቆይቶ የመጣ የፎም ሳጥን ስከፍት ጭሱ የለም፣ ታች የቀረችው ደረቅ በረዶ የጣት ጥፍር ታክላለች፣ ካርቶኑ ረጥቧል። ሻጩ ውጭ አገር ስለሆነ ጥምቀትም ፋሲካም አያውቅም፤ ቀኑን እናንተ ንገሩት፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ይላክ በሉት። አዳማ ያለ ጓደኛዬ በፍጥነት መንገዱ ሄዶ በዚያው ቀን ራሱ ይዞ ይመለሳል። እኛ ከአዲስ አበባ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ አለብን፣ ደርሶም መብራት ይጠፋል።

ስለዚህ አንድ ባለ 50 ማይክሮግራም ቲዩብ አላዝም። በአንድ ሳጥን አምስት ባለ 10 አዝዛለሁ። በማይክሮግራም ሲታይ ይወደዳል፣ ግን አንዷን ለሥራ ሳቀልጥ አራቱ ሳይነኩ ፍሪዘር ውስጥ ይቀራሉ። አንዷን ስከፍትም በረዶ ላይ አድርጌ በትንንሽ ቲዩብ እከፋፍልና ወዲያው ወደ ኔጌቲቭ 80 እመልሳለሁ። ሳላቀጥን ነው የምመልሰው፤ የቀጠነ ኢንዛይም ፍሪዘር ውስጥ ቶሎ ይሞታል። ቀኑን የምጽፈው በማይለቅ እስክሪብቶ ነው፣ በተራው ጽፌ አንድ ሙሉ ሳጥን ስም አልባ ሆኖብኛልና።