ከደሴ የገዛሁት የኤሌክትሪክ ምጣድ

ደሴ አራዳ ከሚገኝ አንድ ሱቅ የገዛሁትን የኤሌክትሪክ ምጣድ አራት ወር ተጠቅሜበታለሁ። በእንጀራው ቅሬታ የለኝም፤ ዓይኑ እኩል ይወጣል፣ ጠርዙ አይደርቅም፣ አክንባሎውም በደንብ ይገጥማል። ያስከፋኝ ከመግዛቴ በፊት ማወቅ የነበረብኝ ነገር በዕቃው ላይ አለመጻፉ ነው።

ሱቁ ውስጥ 3,500 ዋት የተጻፈበትና 2,800 ዋት የተጻፈበት ሁለት ምጣዶች ነበሩ። ባለሱቁ አነስተኛውን እያሳየ «እህቴ፣ ይሄኛው ቆጣሪ አይበላም» ሲለኝ አመንኩት። ቤቴ ገብቼ 25 እንጀራ ስጋግር ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈጀ፤ በቆጣሪውም 5.6 ኪሎዋት ሰዓት ቆጠረብኝ። ጎረቤቴ ባለ 3,500 ዋቱን ምጣዷን አውሳኝ ያንኑ ያህል ሊጥ ስጋግርበት በ84 ደቂቃ ጨርሼ 4.9 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ወሰደ። ዋት ኃይሉ የሚሳብበትን ፍጥነት እንጂ ለአንድ እንጀራ የሚወጣውን ኃይል አይናገርም። ሸክላ ሙቀትን በዝግታ ስለሚያስተላልፍ፣ ከሽቦው በታች ሙቀቱን የሚያግድ ነገር በደንብ ካልተደረገ ብዙው ወደ ታች ይባክናል፤ የእኔው ምጣድ የታችኛው ቆርቆሮ ጋግሬ ስጨርስ እጅ አያስነካም።

የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ለኤሌክትሪክ ዕቃዎች የኃይል አጠቃቀም ብቃት መሠረት ጥሏል፤ ምጣድም ደረጃ ከተዘጋጀላቸው ዕቃዎች አንዱ ነው። ምርጫው ትክክል ይመስለኛል፤ በአብዛኛው ቤት ውስጥ ከምጣድ የበለጠ ኃይል የሚስብ ዕቃ የለምና። ነገር ግን ፍሪጅና አምፖል ከውጭ ሲገቡ በጉምሩክ በር ላይ ሊፈተሹ ይችላሉ፤ ምጣዱ ግን ሸክላው ከሸክላ ሠሪ እናቶች እጅ ወጥቶ፣ ቆርቆሮውና ሽቦው በየሰፈሩ ብረታ ብረት ቤት ተገጥሞ ገበያ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ፍተሻው ደሴና ኮምቦልቻ ያሉት ሠሪዎች ዘንድ ካልደረሰ፣ ሠሪውም ምጣዱን በአነስተኛ ወጪ የሚያስፈትሽበት ቦታ በቅርብ ካላገኘ፣ የኃይል አጠቃቀም ብቃቱን ለገዢው የሚያሳይ ምልክት እኔ የገዛሁበት መደርደሪያ ላይ አይደርስም። ምልክቱም ከዋቱ ይልቅ ለተወሰነ እንጀራ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚወስድ ቢናገር ለገዢው ይጠቅማል።

ይህን ምጣድ ዳግመኛ አልገዛውም። ለመግዛት የምታስቡ ሱቁ ውስጥ አሰክታችሁ በስንት ደቂቃ እንደሚግል ቁጠሩ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም መዳፋችሁን ከታችኛው ቆርቆሮ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ወላፈኑን ለኩት።