ባለ ኦክሲዴዝ የስኳር መለኪያና ፈልሳፊው ሌላንድ ክላርክ፦ ለደጋ ሰው ይሆናል ወይ?

ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ያሉት የቤት ስኳር መለኪያዎች በመልክ ብዙ ናቸው። ሰው የሚመርጠው በስክሪኑ ትልቅነትና በዋጋው ነው፤ ዋናው ልዩነት ግን ስትሪፑ (ደም የሚነካበት ስስ ቁራጭ) ላይ ያለው ኢንዛይም፣ ማለትም ከስኳሩ ጋር የሚሠራው ፕሮቲን ነው። እዚህ የምንገመግመው ግሉኮስ ኦክሲዴዝ በተባለው ኢንዛይም የሚሠሩትን ነው። ዋንታች ሰሌክት ፕላስ አንዱ ነው፦ 1 ማይክሮ ሊትር ደም ይበቃዋል፣ በ5 ሰከንድ ውጤት ይሰጣል፣ ከ20 እስከ 600 ሚሊግራም በዴሲሊትር ያነባል።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። አዲስ አበባም ሆነ ደብረ ብርሃን ለሚኖር ሰው በደንብ ያገለግላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ለሚኖር፣ ከባድ የደም ማነስ ላለበት፣ ወይም በኦክሲጅን ለሚረዳ ታማሚ ግን አንመርጠውም። ምክንያቱ ከመሣሪያው አፈጣጠር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ወደ ፈልሳፊው እንሂድ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ሌላንድ ክላርክ በ1918 በኒውዮርክ ግዛት፣ ሮቸስተር ከተማ ተወለደ። አንቲዮክ ኮሌጅ ኬሚስትሪ አጥንቶ በ1944 ከሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ በባዮኬሚስትሪና በፊዚዮሎጂ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። ከዚያም ኦሃዮ ውስጥ የሎ ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ ሲሠራ፣ ለልብ ቀዶ ሕክምና የሚያገለግል ደምን ከሰውነት ውጭ ኦክሲጅን የሚመግብ መሣሪያ ሠራ። ስለ መሣሪያው የጻፈው ጥናት ግን ሳይታተም ተመለሰበት፤ ከመሣሪያው የሚወጣው ደም ምን ያህል ኦክሲጅን እንደያዘ ለክቶ ማሳየት አልቻለም ነበርና።

የሥራው ሁሉ መነሻ ይህ ችግር ነው። ኦክሲጅን በፕላቲነም ኤሌክትሮድ (ጅረት በሚያስተላልፍ ዘንግ) እንደሚለካ ቀድሞም ይታወቅ ነበር። ነገር ግን ደም ውስጥ ሲነከር ፕሮቲን ይለጠፍበትና ንባቡ ይበላሻል። ክላርክ በ1954 ፕላቲነሙንና ጅረቱ የሚዞርበትን ሁለተኛ ኤሌክትሮድ አንድ ላይ አድርጎ በስስ የፖሊኤትሊን ላስቲክ ሸፈናቸው። ላስቲኩ ኦክሲጅን ያሳልፋል፣ ፕሮቲኑን ያግዳል። ዛሬም በስሙ ክላርክ ኤሌክትሮድ ይባላል።

በ1962 ከቀዶ ሐኪሙ ቻምፕ ላየንስ ጋር አንድ እርምጃ ጨመረበት፦ ኤሌክትሮዱ ጫፍ ላይ ግሉኮስ ኦክሲዴዝን በስስ ሽፋን አጥሮ አስቀመጠ። ኢንዛይሙ ስኳሩን ሲያቃጥል ኦክሲጅን ይበላል፤ ስለዚህ ኦክሲጅኑ የቀነሰውን ያህል አይቶ የስኳሩን መጠን ማስላት ይቻላል። በ1975 የሎ ስፕሪንግስ ኢንስትሩመንት የተባለው ኩባንያ በዚሁ ሐሳብ የተሠራውን የላቦራቶሪ መመርመሪያ ለገበያ አቀረበ። (በ1966 አይጦች ኦክሲጅን በሞላበት ፈሳሽ ውስጥ ተነክረው እንዲተነፍሱ ያደረገውም እሱ ነው፤ ያ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።) ከፍተኛ ክብር ያለውና 500,000 ዶላር የሚያስገኘው የረስ የምሕንድስና ሽልማት ለክላርክ የተሰጠው በ2005 ነበር፤ በዚያው ዓመት መስከረም አረፈ። ሚሊዮኖች ጣታቸውን ወግተው በሰከንዶች ውስጥ ስኳራቸውን ለሚያውቁበት ሥራ ሽልማቱ በጣም ዘግይቷል ብለን እናምናለን።

የዛሬው ስትሪፕ ኦክሲጅን አይለካም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ኤሌክትሮን የሚያሻግር ኬሚካል ተጨምሮበታል፦ ኢንዛይሙ ከስኳሩ የነጠቀውን ኤሌክትሮን ለዚህ ኬሚካል ያቀብላል፣ መሣሪያውም የሚፈጠረውን ጅረት ይለካል። ሆኖም ደሙ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ኤሌክትሮኑን ይሻማል። ኦክሲጅኑ ሲበዛ ንባቡ ከእውነተኛው ያንሳል፣ ኦክሲጅኑ ሲያንስ ይበልጣል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ደሙ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ያንሳል፦ አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ዋንታች እስከ 3,048 ሜትር እንደሚሠራ አምራቹ ይገልጻል፤ የመንዟን መሃል ሜዳ ከተማ የመሰሉ ከፍታዎች ላይ ግን ገደቡ ላይ ተደርሷል። ከፍ ያለ የሐሰት ንባብ የሚያስፈራው፣ ሰውየው አምኖት ኢንሱሊን ሲጨምር ስኳሩ ከሚገባው በታች ስለሚወርድ ነው።

እንዲህ ባለ ቦታ ግሉኮስ ዲሃይድሮጂኔዝ በተባለው ኢንዛይም የሚሠራ ስትሪፕ ይሻላል፤ ኦክሲጅን አይነካውም። እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ፒ-ኪው-ኪው የሚባለው ዓይነት ማልቶስን ከግሉኮስ አይለይም፤ በሆድ በኩል ዲያሊሲስ ለሚደረግላቸውና አይኮዴክስትሪን (ሰውነት ውስጥ ወደ ማልቶስ የሚፈርስ የዲያሊሲስ ፈሳሽ) ለሚወስዱ ሰዎች አደገኛ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከዚህ ጋር የተያያዙ 13 ሞቶችን ጠቅሶ በ2009 አስጠንቅቋል። ለእነዚህ ታማሚዎች ኦክሲዴዝ ይመረጣል። የኢንዛይሙ ስም የስትሪፑ ካርቶን ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ስለሚጻፍ ከመክፈልዎ በፊት ያስነብቡ።

ትክክለኛነቱስ? ዓለም አቀፉ መለኪያ የሚጠይቀው፣ ከ100 ውጤቶች 95ቱ ከላቦራቶሪው እንዳይርቁ ነው፦ ከ100 ሚሊግራም በታች ከሆነ በ15 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ ከሆነ በ15 በመቶ። ላቦራቶሪ 200 ሲል ቤት ያለው 175 ቢል መሣሪያው አልተበላሸም። 130 ካለ ግን የሆነ ነገር አለ። የደም ማነስ ንባቡን ከፍ ያደርጋል፣ የደም መወፈር ዝቅ ያደርጋል፤ ዋንታች ሰሌክት ፕላስ የሚታመነው በደሙ ውስጥ ያለው የቀይ ደም ሴል መጠን ከ30 እስከ 55 በመቶ ሲሆን ነው።

አብዛኛው ስሕተት ግን የሚመጣው ከእጅ ነው። ብርቱካን ልጦ ወይም ማር ነክቶ ሳይታጠብ የሚለካ ሰው የሚያየው የጣቱን ስኳር ነው። በሳሙና ይታጠቡ፣ በደንብ ያድርቁ፤ በአልኮል ከጠረጉም እስኪደርቅ ይጠብቁ። ጣትዎን የሚወጉት ጎኑ ላይ ነው፣ መሐሉ ላይ አይደለም፤ መሐሉ ያማል። እጅን ወደ ታች አንጠልጥሎ ደሙ እንዲወርድ ማድረግ ይገባል፤ ጣትን አጥብቆ መጭመቅ ከሥጋው የሚወጣ ውሃ ደሙን እንዲያቀጥነው ያደርጋል። ጠብታውን ወደ ስትሪፑ ጠርዝ ሲያስጠጉት ራሱ ይስበዋል። ከላይ አይቀቡት፤ ካነሰ ደም አይጨምሩበት፣ አዲስ ስትሪፕ ይጠቀሙ። ላንሴት (ጣት መውጊያው መርፌ) ደግሞ ለባልና ሚስትም ቢሆን አይጋሩትም፤ የጉበት ቫይረስ ይተላለፍበታል።

የስትሪፑን ብልቃጥ ክዳን ወዲያው ይዝጉ፣ ኢንዛይሙን እርጥበት ያበላሸዋል። ፍሪጅ ውስጥ አይገባም። በበጋ ዱባይ ወይም ሪያድ ላይ መኪና ውስጥ የዋለ ስትሪፕ መጣል አለበት።

ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው መሣሪያ ላይ ሁለት ነገር ይታይ። ከእንግሊዝ ወይም ከስዊድን የመጣው በሚሊሞል ነው የሚያነበው፤ ወደ ሚሊግራም ለመለወጥ በ18 ይባዛል። ስክሪኑ ላይ 16 ሲል 288 ማለት ነው፣ ብዙ ቤት ግን "ስኳሩ ወርዷል" ተብሎ ለታማሚው ጣፋጭ ሊሰጠው ይችላል። ሁለተኛው ስትሪፑ ነው፦ የአንዱ መሣሪያ ለሌላው አይሠራም። መጀመሪያ ሰፈርዎ ያለው ፋርማሲ ዘወትር የሚያስገባው ስትሪፕ የቱ እንደሆነ ይጠይቁ፣ መሣሪያውን ከዚያ በኋላ ያስልኩ።