በ1 ሰዓት የሚያልቅ «የ5 ዓመት ሴራሚክ» አታስቀቡ

መኪና ያላችሁ ሁሉ ይህን አንብባችሁ ለሌላውም አድርሱ። አዲስ አበባ ውስጥ በየላቫጆውና በየመኪና ማቆሚያው «ናኖ ሴራሚክ እንቀባለን፣ የ5 ዓመት ዋስትና አለው፣ በ1 ሰዓት ጨርሰን እናስረክባለን» የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። ሴራሚክ የሚባለው ቀለሙን ለመጠበቅ ከላዩ ተቀብቶ የሚደርቅ ፈሳሽ ሽፋን ነው።

ጎረቤቴ በቪትዙ ታክሲ እየሠራ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ነው። ከ10 ሺህ ብር በላይ ከፍሎ አስቀባ። የዚያን ዕለት መኪናዋ አብረቀረቀች፣ የነጣው ፕላስቲኳም ጥቁር ሆነ። ጥቂት ጊዜ ታጥባ ዝናብ ሲያገኛት ግን የኮፈኑ ጭረት በሙሉ ተመልሶ ታየ፤ የፓራውልቱ ፕላስቲክም አመድ መሰለ። ሄዶ ሲጠይቃቸው «አስተጣጠብህ ነው ያበላሸው» ብለው መለሱት። ደረሰኝ የለው፣ የዕቃው ስም የተጻፈበት ወረቀት የለው፣ በምን ይከራከር? በጣም ያሳዝናል።

ሴራሚክ ኮቲንግ ራሱ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ሥራው ጊዜ ይፈልጋል። መኪናው በደንብ ይታጠባል፤ ቀለሙ ላይ የተጣበቀው ቆሻሻ በክሌይ (እንደ ሊጥ በሚለሰልስ ማጽጃ) ይነሣል፤ ጭረቱ በማሽን ፖሊሽ ይደረጋል፤ የፖሊሹ ቅባት በአልኮል ይጠረጋል፤ ሴራሚኩ የሚቀባው ከዚህ በኋላ ነው። ከተቀባም በኋላ ጥላ ውስጥ መድረቅ አለበት፤ አብዛኛው ዕቃ ቢያንስ ለ1 ቀን ውሃ እንዳይነካው ያዛል። ይህ ሁሉ በ1 ሰዓት አያልቅም። በዚያ ፍጥነት የሚቀባው ብዙውን ጊዜ የሲሊኮን ዘይት ወይም ጭረቱን ለጊዜው ሞልቶ የሚደብቅ ፖሊሽ ነው።

በማሳያቸው አትታለሉ። ውሃ አፍስሰው እየተንከባለለ ሲወርድ ያሳያሉ፤ ተራ ሰም የተቀባ መኪናም እንዲሁ ያደርጋል። ኮፈኑ ላይ ቤንዚን ጠብ አድርገው በላይተር የሚለኩሱም አሉ፤ ለጥቂት ሰከንድ የነደደ እሳት ሙቀቱን ላሜራው ስለሚወስደው ምንም ያልተቀባውም ቀለም አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። በመኪናችሁ ላይ እሳት እንዲለኩሱ በፍጹም አትፍቀዱ። «9ኤች ነው፣ ድንጋይ አይጭረውም» የሚሉት ደግሞ የእርሳስ ጥንካሬ መለኪያ ነው። በዚያ እርሳስ ሲሞከር አልተጫረም ማለት እንጂ ጠጠር ይችላል ማለት አይደለም።

እኔን የሚያስፈራኝ ከብሩም በላይ የፖሊሽ ማሽኑ ነው። ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ሽፋን በብዙ መኪና ላይ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ብቻ ነው፤ ከፀጉር ይቀጥናል። ቀለሙን ከአልትራቫዮሌት ጨረር የሚጠብቀው እሱ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ጨረሩ ከቆላው ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ልምድ የሌለው ሰው በሻካራ ፖሊሽ ደጋግሞ ሲፍቀው ሽፋኑ ያልቃል፤ በተለይ የኮፈኑና የበሩ ጠርዝ ቶሎ ይጋለጣል። ያለቀ ሽፋን በምንም ቅባት አይመለስም፤ መኪናውን እንደገና ቀለም ማስቀባት ብቻ ነው። ከውጭ አሮጌ ሆኖ የገባ መኪና ያላችሁ፣ ከዚህ ቀደም ስንት ጊዜ እንደተፋቀ ስለማታውቁ ይበልጥ ተጠንቀቁ።

ለፕላስቲኩና ለጎማው ናፍጣ የሚቀቡም አሉ። ለጊዜው ያጠቁራል፤ አቧራ ይሰበስባል፤ ጎማውንና የበሩን ላስቲክ ግን ያበላሻል። በውሃ የተሠራ የፕላስቲክ ቅባት ጠይቁ።

ከመክፈላችሁ በፊት የታሸገውን ጠርሙስ አይታችሁ ስሙን ፎቶ አንሡ። ዋስትናው ምን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይስጧችሁ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ከተጠራጠራችሁ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል ለስላሳ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ትንሽ ቦታ ጥረጉ፤ ጭረቱ ብቅ ካለ ሞልተው ደብቀውት ነበር ማለት ነው። ይህን በቅርቡ በተቀባ ቀለም ላይ ግን አታድርጉ።

ገንዘብ ላጠረው ሰው በመኪና ሻምፖ ማጠብና በየጥቂት ወሩ ጥሩ ሰም መቀባት ይበቃዋል። ኦሞ ሰሙን ያጥበዋል። የወፍ ኩስ ሳይደርቅ ይታጠብ፤ ቀለም ይበላል።

አስቀድሞ የተታለላችሁ ካላችሁ ዝም አትበሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የከፈላችሁበትን የባንክ ማስረጃ፣ ማስታወቂያቸውንና የመኪናውን ፎቶ ይዛችሁ ወደ ክፍለ ከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ጎረቤቴ የቴሌግራም ማስታወቂያቸውን ሳይጠፋ አስቀምጦታል፤ በዚህ ሳምንት አብረን እንሄዳለን።