መኪናችሁ ዘይት የሚጠጣባችሁ ሰዎች፣ ይህን መካኒክ እወቁት

ቄራ አካባቢ ትንሽ ጋራዥ ያለው አንድ ወጣት መካኒክ ባለውለታዬ ሆኗል። ምስጋናዬን በአደባባይ ሳልናገር ብቀር ቅር ይለኛል። ስሙንና ስልኩን እዚህ አላወጣም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እንድሰጥ ፈቅዶልኛል።

መኪናዬ የ2004 ኮሮላ ናት፣ ባለ 1.6 ሊትር ቤንዚን። እናቴ ደብረ ማርቆስ ስላሉ በየወሩ ወደ 300 ኪሎ ሜትሩን ሄጄ እመለሳለሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሞተሯ ዘይት መጨረስ ጀመረ። መጀመሪያ አልፎ አልፎ እጨምር ነበር፤ በኋላ ፖርታ ባጋልዮ ውስጥ አንድ ጀሪካን ዘይት ሳልይዝ ከከተማ መውጣት አቆምኩ። አባይ በረሃን ወርጄ፣ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ደጀን ሽቅብ ስረግጥ ከኋላዬ የሚነሳው ሰማያዊ ጭስ መንገዱን ይሸፍነዋል። አንድ ጊዜ የአይሱዙ ሹፌር ጎኔ ደርሶ በመስኮት "ጋሼ፣ መኪናዎ እየተቃጠለ ነው!" ብሎ ጮኸብኝ። እናቴን ለሕክምና ይዤ እየመጣሁ ነበር። የዚያን ቀን ድንጋጤያቸው እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ሦስት ጋራዥ ዞርኩ። የመጀመሪያው ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረውን ግፊት፣ ለክቶ "ከመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ቁጥር በጣም ወርዷል፣ ሞተሩ አልቋል፣ ወርዶ ሬክቲፋይ ይደረግ" አለኝ፤ የሲሊንደሮቹ ግድግዳ በማሽን እንደገና ይስተካከል ማለቱ ነው። ሁለተኛው ወፍራም ዘይት ሞልቶ ሸኘኝ። ሦስተኛው ኮፈኑን በቅጡ ሳያይ ያገለገለ ሞተር ግዛ አለኝ፤ የነገረኝ ዋጋ የአንድ ዓመት የቤት ኪራዬን ያህል ነው። ዘይቱ በየት እንደሚሄድ ግን ከሦስቱ አንዱም አልነገረኝም።

ይህ ልጅ መጀመሪያ ያለኝ "ጋሼ፣ ምንም ከመፍታታችን በፊት እንለካው" ነው። ሞተሩን በውጭ በኩል አጠበው፣ ከስር ካርቶን አነጠፈ፣ መኪናዋን አሳደራት። ጠዋት ካርቶኑ ላይ አንድ ጠብታ አልነበረም። የራዲያተሩን ውሃም አየ፤ ዘይት አልተቀላቀለበትም። ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሞ ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሞላና ኪሎ ሜትሩን ደብተር ላይ ጻፈ። "500 ኪሎ ሜትር ነድተው ይምጡ፤ መሃል ላይ ከጨመሩ መጠኑን ይመዝግቡ" አለኝ። ስመለስ የጎደለውን በመስፈሪያ ሞላው፦ 700 ሚሊ ሊትር። አጠቃላይ የሚይዘው ዘይት ወደ 3.7 ሊትር ብቻ ለሆነ ሞተር ይህ ብዙ ነው።

ቀጥሎ ያደረገው የሞተሩን የውስጥ ትንፋሽ መልሶ ወደ አየር ማስገቢያው የሚልከውን ቫልቭ፣ ፒሲቪ የሚሉትን፣ መፍታት ነበር። በጥቁር ዝቃጭ ተደፍኗል። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ቀየረው። እንደገና 500 ኪሎ ሜትር፣ እንደገና ልኬት፦ 550። ተሻሻለ፣ አልዳነም። እኔ ቸኩዬ ነበር፤ እሱ አልቸኮለም።

ኮምፕሬሽኑን ሲለካ ያስረዳኝን ነገር ባለመኪና ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። አራቱ ሲሊንደሮች 140፣ 145፣ 145 እና 140 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አሳዩ። "መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው፤ እኛ ያለነው ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ እዚህ አየሩ ሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ጌጁ ዝቅ ብሎ ማንበቡ አያስደነግጥም፤ የማየው አራቱ መቀራረባቸውን ነው" አለኝ። በየሲሊንደሩ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጎ ሲደግመው ቁጥሩ ብዙም አልጨመረም። ፋሻዎቹ፣ ማለትም ፒስተኑን የሚከብቡት የብረት ቀለበቶች፣ ተበልተው ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖ ቁጥሩን ከፍ ያደርገው ነበር። ስለዚህ ግፊቱን የሚይዙት የላይኞቹ ፋሻዎች ደህና ናቸው። የመጀመሪያው ጋራዥ "አልቋል" ያለው ሞተር አላለቀም።

ታዲያ ዘይቱ በየት ይገባል? የቀሩት ሁለት መንገዶች ናቸው፦ የቫልቭ ሲሎቹ (ዘይት ከላይ በቫልቮቹ ዘንግ በኩል ወደ ሲሊንደሩ እንዳይወርድ የሚከለክሉት ጎማዎች) ወይም የዘይት ፋሻው። የዘይት ፋሻ የሚባለው ከፒስተኑ ሦስት ፋሻዎች የታችኛው ነው፤ ሥራው የሲሊንደሩን ግድግዳ ጠርጎ ዘይቱን ወደ ኮፓ፣ ከሞተሩ ስር ወዳለው የዘይት መያዣ፣ መመለስ ነው። እሱ ቢታነቅም ኮምፕሬሽን ጥሩ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

መኪናዋን ሌሊት አሳድሮ ጠዋት በቀዝቃዛው ሲያስነሳት ጭስ የለም። አሥር ደቂቃ ቆማ እንድትሠራ ተወና ነዳጅ ረገጠ፣ አሁንም የለም። ሲሎቹ ዋና ጥፋተኛ ቢሆኑ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ጭሱ ይታይ ነበር። ከዚያ እንጦጦ ወጣን። ማርሽ አስገብቶ እግሩን ከነዳጁ ላይ አንስቶ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ወረደ፣ ታች ሲደርስ ረገጠ። ጭሱ ወጣ! ነዳጅ ሳይረገጥ ሲወረድ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው መሳብ ዘይቱን ሽቅብ እንደሚጎትተው ነገረኝ። አባይ ላይ ያስጨነቀኝ ነገር ያኔ ገባኝ።

መጨረሻ ላይ ካንዴላዎቹን ፈትቶ ቀጭን ካሜራ በቀዳዳው አስገባና ስልኩ ላይ አሳየኝ። የፒስተኑ አናት መሃሉ በካርቦን ጠቁሯል፣ ዳር ዳሩ ግን በዘይት ታጥቦ ያበራል። "ከታች በፋሻው በኩል እየወጣ ነው" አለ። አራቱንም አሳየኝ፣ አራቱም አንድ ዓይነት።

ወዲያው እንክፈተው አላለም። የካርቦን ማሟሟያ በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሮ አሳደረ፣ ዘይትና ፊልትሮ ቀየረ፣ አሁንም ለካን፦ 400። እዚህ ላይ ግልጽ አደረገልኝ፤ ከዚህ በላይ በመድኃኒት አይሻሻልም፣ መከፈት አለበት። ወጪውን ዘርዝሮ ጻፈልኝ። መለዋወጫውን ሶማሌ ተራ አብረን ሄደን ገዛን።

ቴስታታውን፣ ማለትም ቫልቮቹን የያዘውን የሞተሩን የላይኛው ክፍል፣ እና ኮፓውን አውርዶ ፒስተኖቹን በላይ በኩል አወጣ፤ ሞተሩ ከቦታው አልተነቃነቀም። የዘይት ፋሻዎቹ በካርቦን ተጣብቀው አይላወሱም፣ ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎችም ተደፍነዋል። የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ፋብሪካው የሠራው መስቀለኛ ጭረት ግን አሁንም ይታያል፣ ስለዚህ ሬክቲፋይ አላስፈለገም። ቀዳዳዎቹን ጠርጎ፣ አዲስ ፋሻ አስገብቶ፣ ቴስታታው ከወረደ አይቀር ብሎ የቫልቭ ሲሎቹንም ለወጠ። አሮጌዎቹን በፌስታል ሰጠኝ። ሥራው ስድስት ቀን ፈጀ፣ ያስከፈለኝም መጀመሪያ የጻፈልኝን ብቻ ነው።

ምክንያቱንም አልደበቀኝም። ዘይት የምቀይረው ዘግይቼ ነበር፣ አንዳንዴም 10,000 ኪሎ ሜትር አሳልፌ። በከተማ መጨናነቅ ለምትውል አሮጌ መኪና በየ5,000ው መቀየር እንዳለበት፣ ወፍራም ዘይትም ጭሱን ለጊዜው ቢቀንስ የተጣበቀ ፋሻ እንደማያላቅቅ ነገረኝ።

ባለፈው ወር ደብረ ማርቆስ ደርሼ መጣሁ። በ1,000 ኪሎ ሜትር የጎደለው 80 ሚሊ ሊትር ነው። ደጀንን ስወጣ እናቴ ከኋላ ተቀምጠው ነበር፤ በመስታወት ያየሁት የጠራ መንገድ ነው። ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እጅህ ይባረክ።

ለምትሄዱ፦ ሰው ስለሚበዛበት አስቀድማችሁ ደውሉ። ምን ያህል ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር እንደጨመራችሁ ጽፋችሁ ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። መኪናውንም ከተቻለ ማታ አድርሱለትና እሱ ጋ ይደር፤ ጠዋት በቀዝቃዛው ሲነሳ ራሱ ማየት ይፈልጋል።